ከላይ የተቀመጠው ደንብ

ሽማግሌ ከላከ ወዲህ ሰውአገኝ ቀበቶውን ሁለት ቀዳዳ አጥብቋል። የቢሮ ሰዎች ሥራ የበዛበት ይመስላቸዋል። ሥራስ አልበዛበትም። የበዛበት መጠበቅ ነው።

ሽማግሌዎቹ ባለፈው እሑድ ቁስቋም ወጥተው፣ አቶ እስጢፋኖስ ደጅ ቆመው፣ ልጃቸውን ኤሌኒን ለሰውአገኝ ጠይቀዋል። የተሰጣቸው መልስ የታወቀው መልስ ነው፤ "ከዘመድ እንምከርበት፣ የዛሬ ሳምንት ብቅ በሉ።" በዚህ መሀል ጠያቂው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይከርማል። ጮክ ብሎ አይስቅም፣ አይቆጣም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከልጅቷ አባት ጋር ቃል አይመላለስም። የሰውአገኝ ችግር አቶ እስጢፋኖስ የልጅቷ አባት ብቻ አለመሆናቸው ነው። አለቃውም ናቸው።

አቶ እስጢፋኖስ ከዩኒቨርሲቲ መምህርነት በጡረታ ሲወጡ ፒያሳ አጠገብ የራጅ ማዕከል ከፈቱ። በደጋው ያሉ ጤና ጣቢያዎች ያነሱትን ራጅ በኢንተርኔት ይልካሉ፤ ጎንደር የተቀመጠ ሐኪም ያነበዋል፤ ውጤቱ ተመልሶ ሄዶ በጤና ጣቢያው ፕሪንተር ታትሞ ይወጣል። ሐኪሟ ኤሌኒ ናት። መንገዱን የዘረጋው ሰውአገኝ ነው። ሰርቨሩን ከማዕከሉ ጓዳ አውጥቶ ወደ ክላውድ፣ ኢንተርኔት ላይ ወዳለ የኪራይ ኮምፒውተር፣ ያሻገረውም እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ የሚጠፋው መብራቱ ብቻ ሆኗል፤ ይህ ለኛ ከተማ ትልቅ እድገት ነው።

ፍቅራቸውም የተጀመረው በዚያው ሥራ ነው። "አልደረሰኝም።" "አሁንስ?" "አሁንም።" "አሁንስ?" "ደረሰ።" እንዲህ ሲባባሉ ሁለት ዓመት ሞላቸው። እሷ የቁስቋም ልጅ ናት፣ ቤቷ ውስጥ ከሰው መጽሐፍ ይበዛል። እሱ የድብ ባሕር ልጅ ነው፤ እናቱ እቴነሽ ባላቸው ከሞተ በኋላ ገብስ እየሸጡ ነው ያስተማሩት። የኤሌኒ እናት ወይዘሮ ጽጌሬዳ ስለ እሱ ሲነሳ "ጨዋ ልጅ ነው" ይላሉ። በዚያ ሰፈር "ጨዋ ልጅ ነው" የሚባለው ሌላ የሚባል ሲጠፋ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አቶ እስጢፋኖስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከሰውአገኝ ወንበር ጀርባ ቆሙ።

"ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ምን አለ መሰለህ? ሰርቨራችሁ ወደ ውጭ የሚወጣበት በር በዝቷል፣ አንድ ቀን መረጃችሁ ተሰርቆ ይወጣል አለኝ። ወደ ውጭ የሚወጣ ነገር በሙሉ ይዘጋ።"

"እሺ ጋሼ። ለጤና ጣቢያዎቹ ውጤት የምንልክበት ፈቃድ ግን አለ…"

"እሱ ይኑር። ማን ይጥፋ አለ? የኔን ከላይ አድርገው።"

"ከላይ?"

"ከላይ ነዋ! ዋናው እሱ አይደል?"

የሰውአገኝ ጣት ከቁልፉ ላይ ቆመ።

ፋየርዎል የሚባለው የኔትወርክ ዘበኛ ደንቦቹን የሚያነበው ከላይ ወደ ታች ነው። ለመጣው ነገር የሚስማማ ደንብ ሲያገኝ እዚያው ያቆማል፤ ከሥር የተጻፈውን አያየውም። "ሁሉም ይዘጋ" የሚለው ከላይ ከተቀመጠ፣ ከሥሩ "ወደ ድብ ባሕር ይለፍ" የሚለው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ የሟች ፎቶ ነው። አለ፤ ግን ምንም አይሠራም። ሰውአገኝ ይህን ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢጠይቁት ይመልሰዋል። አሁን ግን የጠየቀው የለም። የታዘዘው ነው።

ሽማግሌ ደጁ የቆመበትን ሰው "ተሳስተዋል" ማለት እንዴት ነው የሚቻለው? ደግሞስ ምን ይሆናል? ሰኞ ማለዳ ያስተካክለዋል። እሑድ እሺ ካሉ፣ ሰኞ እንደ አማች ቀረብ ብሎ ያስረዳቸዋል። በመሀል አስቸኳይ ነገር ቢመጣ ስልክ አለ። ስልኩም ኔትወርክ ሲኖር ነው እንጂ… ይኖራል፣ ይኖራል።

"እሺ ጋሼ" አለ። የሳቸውን ከላይ አደረገው።

ቀና ሲል ኤሌኒ በነጭ ጋዋን በሩ ላይ ቆማለች። ምን እንደታዘዘ አልሰማችም፤ እሺ ሲል ብቻ ሰምታለች። ለኔ ሲል ነው እንዲህ አንገቱን የሚደፋው፣ ብላ አሰበችና ከአባቷ ትከሻ በላይ ዓይኖቿን ልካ ፈገግ አለችለት። ሰውአገኝ ፈገግ ብሎላት ገጹን ዘጋው። 

*

እሑድ ጠዋት ድብ ባሕር ጤና ጣቢያ ወይዘሮ እቴነሽ በበቅሎ ደረሱ። ከበቅሎዋ ወርደው እስከ በሩ ለመድረስ ሦስቴ ቆሙ። የጤና መኮንኑ ምስጋናው ከሰውአገኝ ጋር አብሮ ያደገ ነው፤ ሮጦ ክንዳቸውን ያዘ።

"ምነው እትዬ፣ ምን ሆኑ?"

"እኔ ምኑን አውቄ። ዳገት የወጣሁ ያህል ያለከልከኛል፤ ዳገት አልወጣሁም። ተጋድሜ ደግሞ መተኛት አልቻልኩ።"

ራጁን አነሳቸው። ኢንተርኔቱ የዛን ዕለት እንደ ልማዱ አልለገመም፤ ሥዕሉ ወዲያው ሄደ።

"የት ሄደ?"

"ጎንደር። ዶክተር ኤሌኒ ታነበዋለች።"

"ምራቴ?" ሴትዮዋ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረባቸው። "አንተ ልጅ፣ ስሜን እንዳትነግራት! ገና ፊቴን ሳታይ ሳንባዬን አይታ ትጥላኝ?"

"ስም አይሄድም እትዬ። ቁጥርና ዕድሜ ብቻ ነው።"

"ሸጋ ነው። ዕድሜዬንም ቀንስልኝ።"

"ለሰውአገኝ ልደውልለት?"

የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ። ያንን ሁሉ ዓመት ገብስ የሸጡበት ፊት ነው፤ በአንድ ዋጋ ይቆማል። "እንዳታደርገው! ወንድሜ አያ በላቸው ሽማግሌ ይዞ ሄዷል፣ ዛሬ ነው ቃሉ። የሽማግሌ ቀን የበሽታ ወሬ ይላካል? ገደ ቢስ ልታደርገው ነው? እኔው ልኬ እኔው ልሰናከልበት?"

ምስጋናው ፕሪንተሩ አጠገብ ተቀመጠ። ኤሌኒ አስቸኳይ ነገር ካየች ሥዕሉ በሄደ በደቂቃዎች ውስጥ ፕሪንተሩ ይጮኻል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። ስለዚህ ዝም ካለ ደህና ነው ማለት ነው። ይህን ደንብ አድርጎ የጻፈው ሰው የለም፤ ልማድ ሆኖ ገብቶ ነው። ፕሪንተሩ ከዓርብ ጀምሮ ዝም እንዳለ ልብ ብሏል፤ ግን የተላከው የአንድ ሕፃን ጣትና የአንድ ሽማግሌ የቆየ ሳል ነበር፣ ማን ይቸኩልበታል?

ጠበቀ። ስልኩን አወጣ፤ የራውተሩ አንቴና ጣሪያ ላይ ነው፣ የሱ ስልክ ምልክት ግን ባዶ ነው። ፕሪንተሩ ዝም አለ።

"ክፉ ነገር ቢሆን እስካሁን በጮኸ ነበር" አላቸው። "ቤትዎ ይረፉ። ጠዋት እመጣለሁ።"

"አልኩህ አይደል? ምራቴ ወዳኛለች።" በበቅሏቸው ላይ ሲሰቅላቸው ዓይናቸው ወደ ጎንደር መንገድ ነበር። ትንፋሻቸው አጥሯል፤ ደስታቸው ግን ቅንጣት አልጎደለም።

*

ያኔ ኤሌኒ ቁስቋም፣ ቤታቸው በመመገቢያው ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ከፍታለች። ሴት፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት፣ ከድብ ባሕር። የልቡ ጥላ በውሃ ተከቦ እንደ ጋን ሰፍቷል። እንዲህ ያለ ልብ መምታት የሚችለው ውሃው እስኪጫነው ነው። ኤሌኒ አልዘገየችም። "ልቧ ዙሪያ ብዙ ውሃ አለ። ሳትዘገዩ አሁኑኑ ወደ ጎንደር ላኳት፤ መቀዳት አለበት" ብላ ጻፈች። ላከችው። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት መጣ፤ ተልኳል።

"ኤሌኒ! ነጠላሽን አስተካክዪ፣ ሰዎቹ መጡ" አሉ እናቷ ከጓዳ።

ላፕቶፑን ዘጋችው።

ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ቆመዋል፤ ጋቢያቸው ለቅዳሴ የታጠበው ነው። ከፊት አያ በላቸው፣ የሰውአገኝ አጎት፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

"ምነው ቆማችሁ? ተቀመጡ እንጂ" አሉ አቶ እስጢፋኖስ፤ ወጉ ነው።

"አንቀመጥም ጌታዬ። የመጣንበት ሳይፈጸም መቀመጥ የለብንም።"

"ባለፈውም ቆማችሁ ሄዳችሁ። እግራችሁ አይታዘበንም?"

"እግራችን የዳገት ነው። ቃልዎን ብቻ ይስጡን።"

ኤሌኒ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች። አባቷ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማች፤ ተማሪ ሊጥሉ ሲሉም ሊያሳልፉ ሲሉም እንዲሁ ነው የሚጠርጉት።

"እውነቱን ልንገራችሁ" አሉ። "ልጁ ከየት ነው፣ ምን አለው ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ሐሙስ ዕለት ግን ሥራ ላይ አንድ ነገር አዘዝኩት። የዛሬ ልጅ ሺህ ምክንያት ነው የሚደረድር። እሱ 'እሺ ጋሼ' አለና እንዳልኩት አደረገው፤ አልተከራከረኝም። ያን ቀን ወሰንኩ። ታዛዥ ልጅ ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ።"

እልልታው ቤቱን ሞላው። ኤሌኒ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና አለቀሰች። ሰጥቻለሁ የሚለውን ቃል ሁለት ዓመት ጠብቃዋለች፤ አሁን ሲመጣ ግን ከጎኑ ታዛዥ የሚለው ተቀምጦ መጣ። ለምን እንደከበዳት አላወቀችም።

*

ሰኞ ሰውአገኝ ማለዳ ቢሮ ገባ። አያ በላቸው ማታውን "ተሰጥተሃል" ብለው ደውለውለታል፤ ሽማግሌዎቹ ጎንደር ዘመድ ቤት አድረው ዛሬ ይመለሳሉ። ሰውአገኝ ቀበቶውን ሊያላላ እያሰበ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ምስጋናው ነው፤ ማለዳ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥቶ ሌላ ቦታ ደውሎ ተመልሷል፤ አሁን ጤና ጣቢያው ውስጥ መስመር ሲከፈትለት ለሰውአገኝ ደወለ።

"ውጤት አይመጣልንም። ከዓርብ ጀምሮ።"

"አንተ ቀናተኛ! እንኳን ደስ ያለህ አይቀድምም?"

 "ኔትወርኩን እየው ሰውአገኝ" አለ ምስጋናው። "እባክህ እየው።"

ሰውአገኝ ማየት ጀመረ። የጤና ጣቢያውን ራውተር አየ፤ ይሠራል። ሲም ካርዱ ላይ ዳታ መኖሩን አየ፤ አለ። ምስጋናው ፕሪንተሩን አጥፍቶ እንዲያበራው አደረገ። ሙከራ ሥዕል አስላከው፤ ሥዕሉ በደህና ገባ። ከዚያ እስከዚህ መምጣት ይችላል፤ ከዚህ እስከዚያ መሄድ ነው ያልቻለው። ሰርቨሩ ያንኳኳል፣ ያንኳኳል፣ የሚመልስለት የለም። በሩ ላይ ያለ ሰው "አልከፍትም" ቢል እንኳን አንድ ነገር ነው፤ መልእክቱ መንገድ ላይ ተውጦ ሲቀር ግን የላከው ሄደልኝ ይላል፣ የሚጠብቀው አልተላከልኝም ይላል። የሰርቨሩን ዲስክ አየ። የመስመሩን ቁልፍ አየ። ጥፋቱ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ሌላ ሌላውን ሁሉ ነው የሚያየው።

"ሙሽራው!" ኤሌኒ ከኋላው መጥታ ትከሻውን ነካችው። ቢሮ ውስጥ እንዲህ ነክታው አታውቅም። "በሰርጋችን ቀንም ኮምፒውተር ላይ ነው የማገኝህ?"

"ድብ ባሕር ውጤት አልደረሳቸውም።"

"እንዴት? ተልኳል ይለኛል እኮ።"

የፋየርዎሉን ገጽ ከፈተ። ከላይ የአባቷ ደንብ፣ ከሥር የድብ ባሕር ፈቃድ። ሁለቱን አቀያየራቸው። ይኸው ነበር፤ አንድ ቁጥር መለወጥ ብቻ። ሰርቨሩ ውስጥ ከዓርብ ጀምሮ ታጉሮ የነበረው ሁሉ መውጣት ጀመረ። በስልኩ ውስጥ የፕሪንተሩ ድምፅ ተሰማ።

"መጣ?"

"እየወጣ ነው" አለ ምስጋናው።

"አንብብልኝ፣ በትክክል መድረሱን ልይ።"

"የሕፃኑ ጣት… ስብራት የለውም።"

"እሺ።"

"የሽማግሌው ሳንባ… የቆየ ጠባሳ ነው።"

"እሺ፣ ሌላስ?"

ፕሪንተሩ አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። ወረቀቱ ሲነሳ ተሰማ።

"ሌላስ?"

"ሌላው ይቆይ።"

ኤሌኒ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። "የትናንት ጠዋቷ ሴትዮ ናት አይደል? ልቧ ዙሪያ ውሃ ያለባት? ወደ ጎንደር ልካችኋታል?"

"ዶክተር፣ ወረቀቱ አሁን ነው የወጣው።"

"እና ሴትዮዋስ?"

 "ሰውአገኝ" አለ ምስጋናው፣ "ብቻህን ነህ?"

"ከኤሌኒ ጋር ነኝ። ምነው?"

"ሸጋ። ብቻህን አትሁን።" ዘጋው።

ሰውአገኝ ስልኩን እያየ ሳለ በሩ ተከፈተ። አያ በላቸውና ሁለቱ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ያው ጋቢ፣ ያው ከዘራ። በኛ አገር የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም። ሰው ይሄዳል፤ ባለ ጉዳዩ ፊት ይቆማል፤ በቃሉ ይነግረዋል። ስለዚህ ምስጋናው አልተናገረም፤ ማለዳ ከኮረብታው የደወለው ከሁለቱ ሽማግሌዎች ለአንዱ ነበር፤ ስለዚህ እነሱ ቤቱ ሄደው ሲያጡት እዚህ ድረስ መጡ።

ሰውአገኝ ብድግ አለና ጉልበታቸውን ሊስም ዝቅ አለ። "አያ! የትናንቱ አልበቃ ብሎ ቢሮ ድረስ ልትመርቁኝ መጣችሁ?"

አያ በላቸው ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉት። "ተቀመጥ ልጄ" አሉ።

ኤሌኒ ሽማግሌዎቹን አየች። ስክሪኑን አየች፤ ሴት፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት፣ ከድብ ባሕር። ደግማ ሽማግሌዎቹን አየች። እጇ ከሰውአገኝ ትከሻ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ነገሩ ቀድሞ ለእሷ ገባት።

ሰውአገኝ ግን ገና ለሽማግሌዎቹ ወንበር እየፈለገ ነበር።

*

ማግስቱን አቶ እስጢፋኖስ ለቅሶ ሊደርሱ ድብ ባሕር መጡ፤ ኤሌኒ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከጎናቸው ነበረች። ከድንኳኑ ውስጥ ሰዉ እያወራ ነው። ወይዘሮ እቴነሽ እሑድ ሌሊት ትንፋሽ አጥተው፣ ሊነጋ ሲል እንዳለፉ፤ ራጁ ሄዶ መልሱ እንደቀረ።

"ኔትወርክ ነው" ይላል አንዱ።

"ኔትወርክ ነው፣ ምን ይደረጋል" ይላል ሌላው።

ኔትወርክ በዚያ አገር እንደ በረዶ ነው፤ ሰብል ይመታል፣ አይከሰስም።

አቶ እስጢፋኖስ ሰውአገኝን ከቤቱ ጀርባ፣ ከገብሱ ክምር አጠገብ ወሰዱት። ኤሌኒ ተከተለች፤ ተመለሺ አላሏትም።

"እኔ አላወቅሁም" አሉ አቶ እስጢፋኖስ። ከሐሙስ ወዲህ አሥር ዓመት ያረጁ ይመስላሉ። "ከላይ ሲሆን የታችኛውን እንደሚገድል ማን ነገረኝ? አንተ ነህ ባለሙያው።"

"አዎ ጋሼ።"

"አንተ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

አቶ እስጢፋኖስ የክምሩን ጭድ በጣታቸው ሲነቅሉ ቆዩ። "እንግዲያው ስማኝ። እናትህን የሚመልሳት የለም። ይህ ነገር ከወጣ ማዕከሉ ይዘጋል፤ ከዚያ ደጋው ላይ ራጅ የሚያነብ የለም። ሌላም እናት አለ። ሰዉ ራሱ ኔትወርክ ነው ብሏል። ኔትወርክ ነው እንበል። ዓመቱ ሲወጣ ሰርጋችሁን እደግሳለሁ። እሺ በለኝ።"

እሺ የምትለው ቃል ከሰውአገኝ ምላስ ላይ ነበረች። ከሐሙስ ጀምሮ እዚያው ናት።

"ሰውአገኝ" አለች ኤሌኒ። ስሙን እንዲህ ባዶውን ጠርታው አታውቅም። "ሐሙስ በሩ ላይ ቆሜ ሳይህ፣ ስስቅልህ… ያኔ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ለምን ዝም አልክ?"

"እሑድ እሺ እንዲሉኝ።"

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። "እሺ ያሉትም ለዚያ ነው" አለች። ድምጿ እንደ ቀጭን ክር ነበር። "ከመጋረጃው ጀርባ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልተከራከረኝም፣ ታዛዥ ነው፣ ልጄን ሰጥቻለሁ። የተሰጠሁህ በእናትህ ነፍስ ነው ማለት ነው።"

"ኤሌኒ!" አሉ አባቷ።

"ሐሰት ከሆነ ሐሰት ነው በሉኝ አባዬ።"

አላሉም።

ሰውአገኝ አቶ እስጢፋኖስን አያቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን አየ፤ እስከ ዛሬ የሚያየው መነጽራቸውን ነበር። የደከሙ፣ የፈሩ ዓይኖች ናቸው። እነዚህን ነው የፈራው?

"አይሆንም ጋሼ" አለ።

ወደ ድንኳኑ ገባ። የሴቶቹ ሙሾ ደብዝዞ ነበር፤ ሰዉ ሲያየው ቦታ ለቀቀለት። አልተቀመጠም። አያ በላቸው ፊት ቆመ።

"አያ፣ ኔትወርክ አይደለም" አለ። "ኔትወርኩ ደህና ነበር። የእማዬ ውጤት በሰዓቱ ተነቦ፣ አሁኑኑ ወደ ጎንደር ላኳት ተብሎ ተጽፎ ነበር። እኔ በዘጋሁት በር ቀረ። ዝጋው ያሉኝ ጋሼ ናቸው፤ እሳቸው አላወቁም። እኔ ስሕተት መሆኑን አውቃለሁ። አውቄ እሺ አልኩ። ለጋብቻው ስል።"

ሙሾው ተቋረጠ። አንዲት ሴት የጀመረችውን ስንኝ ሳትጨርሰው ዋጠችው።

"ለጋብቻው?" አሉ አያ በላቸው።

"ለጋብቻው።"

"እኛ እዚያ ደጅ ቆመን ስንለምንልህ…"

"ያኔ ተዘግቶ ነበር አያ።"

አያ በላቸው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። የሞተችው እህታቸው ናት፤ የቆመው የእህታቸው ልጅ ነው። ከዚያ ቀና ብለው ከድንኳኑ አፍ ላይ የቆሙትን አቶ እስጢፋኖስን አዩ።

"እርስዎ እንግዳ ነዎት" አሉ። "ከሩቅ መጥተዋል። ይቀመጡ።"

ወንበር ተሳበ። አቶ እስጢፋኖስ ተቀመጡ፤ መቀመጥ ሳይሆን መውደቅ ይመስል ነበር። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩና፣ "ልጁ ያለው እውነት ነው፤ ትእዛዙ የኔ ነው" አሉ። የሰማቸው በቅርብ ያለው ብቻ ነበር።

አያ በላቸው ሰውአገኝን ግን ተቀመጥ አላሉትም። ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። ሌላው ሰው ሁሉ እንደሳቸው መሬቱን አየ።

ወጥቶ ከድንኳኑ ደጅ ቆመ። ከገደሉ በኩል የሚመጣው ነፋስ ሸራውን ያስጮኸዋል። ሙሾው ከውስጥ እንደገና ተጀመረ፤ አሁን የእናቱ ስም አለበት፤ የእሱ ስም የለበትም። ልጅ ሆኖ ከዚህ ደጅ ላይ ቆሞ "እማዬ፣ ልግባ?" ሲል "ምነው ደግሞ፣ የሰው ቤት ነው?" ይሉት ነበር።

ኤሌኒ መጥታ ከጎኑ ቆመች። አልነካችውም።

"ይቅር አላልኩህም" አለች።

"አውቃለሁ።"

"እል እንደሆነም አላውቅም።"

"አውቃለሁ።"

ነፋሱ ነጠላዋን ሲያነሳው ያዘችው። "ተልኳል የሚለውን አይቼ ዘጋሁት" አለች ወደ ገደሉ እያየች። "ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ልብ ሳይ እስኪያነሱልኝ እደውል ነበር። ከትናንት ወዲያ አልደወልኩም። እናቴ ነጠላሽን አስተካክዪ አለችኝ፤ ነጠላዬን ላስተካክል ሄድኩ። እያማረብኝ እንደሆነ በመስታወት አየሁ።"

የአንቺ ጥፋት አይደለም ሊላት አፉን ከፈተ። ስለ ጥፋት ፍርድ የመስጠት መብት ግን ከሐሙስ ጀምሮ የለውም። 

ከውስጥ አያ በላቸው ለአዲስ ለቅሶ ደራሽ "ተቀመጡ፣ ተቀመጡ" ሲሉ ይሰማል። ሰው ይመጣል፣ ጥቂት ያለቅሳል፣ ተቀመጡ ይባላል፣ ይቀመጣል። ሁለቱን ሲያልፍ ቀና ብሎ ያያቸውና ዝቅ ይላል።

ኤሌኒ አልሄደችም። ጀንበሯ ወደ ሊማሊሞ ስትዞር ጥላቸው ከድንኳኑ ሸራ ላይ አረፈ፤ ሁለት የቆሙ ሰዎች። ተቀመጡ የሚላቸው አልነበረም።